ከሞጣ እስከ አዲስ አበባ፦ የአቤቱታ መንገድ



ጎጃም መንግሥትን ስለ ተቃወመባቸው ዘመናት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ጠመንጃው ነው። ማን ሸፈተ፣ የት ተዋጋ፣ ስንት ጣለ ይባላል። ሰውየው ዱር ከመግባቱ በፊት የጠናባቸው ደጆች፣ ያስጻፋቸው ማመልከቻዎች፣ «ነገ ተመለስ» እየተባለ የዋለባቸው በረንዳዎች ግን አይነገርላቸውም። ዛሬ ላነሣ የመጣሁት እነሱን ነው። የአንድ ሕዝብ ነፃነት የሚጠበቀውም የሚጠፋውም እዚያ በረንዳ ላይ ነው ብዬ አምናለሁና።

የእኛ ሰው ለፍርድ ያለውን ክብር ታውቃላችሁ። ዱላ በተማዘዙ ሰዎች መካከል አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ እጅ የሚቆምበት አገር ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን አባባል ከአያቶቻችን ስንሰማ አድገናል። ነገሥታቱም «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የሕዝቡን ልብ ያዳምጡ ነበር ይባላል፤ ዲማና ዋሸራ ያፈሯቸው የቅኔ ሊቃውንትም ገዥን በሰሙ እያመሰገኑ በወርቁ ይወቅሱት ነበር። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ስናወድሰው አንድ ነገር እንዳንረሳ እሠጋለሁ። ሰው ብሶቱን በቅኔ የሚሸፍነው በግልጥ ከተናገረ የሚደርስበትን ስለሚያውቅ ነው። የእረኛውን ግጥም የሚያስጠይቅ ንጉሥ የእረኛውን አባት አስጠርቶ ችግርህ ምንድን ነው ብሎ በአደባባይ አልጠየቀውም።

ወደ 1960 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ያን ዘመን በዐይናቸው ያዩ አረጋውያን ዛሬም በመካከላችን አሉ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 255፣ ታወጀ። አዋጁ በምክር ቤት አልፎ የወጣ ነው፤ በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ የመረጣቸው እንደራሴዎች በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተቀምጠው ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ክፉ አልነበረም። በመሬቱ ስፋት ፈንታ ገበሬው በሚያገኘው ምርት ላይ የሚጣል፣ ገቢው ዝቅ ያለው ጥቂት፣ ከፍ ያለው ብዙ እንዲከፍል ያሰበ ነበር። አሥራትንም ያስቀራል ተብሏል። እንዲያውም ሕጉን ይበልጥ መፍራት የነበረባቸው በሌላው አገር የነበሩ ባለ ሰፋፊ መሬቶች ነበሩ።

ታዲያ ስለ ምን ጎጃም ተነሣ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነውና።

በዚያን ዘመን የጎጃም መሬት በአብዛኛው ርስት ነበር። ከአቅኚው አባት የተወለደ ሁሉ፣ በእናቱም በአባቱም በኩል ቆጥሮ፣ ድርሻዬ ነው ብሎ ይሟገትበታል። መሬቱን ማጣት ማለት ከትውልድ ሐረግ መፋቅ ማለት ነበር። በደቡብና በምሥራቅ መሬት በቃላድ ሲለካ የሆነውን ደግሞ ገበሬው ሰምቷል፤ ተለካ፣ ተመዘገበ፣ ከዚያ ባለቤቱ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆነ። ስለዚህ በ1934 እና በ1937 የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች በሌላው አገር መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እያሉ በጋሻ ሲተምኑ ጎጃም አልለካም አለ፤ መንግሥትም ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግራይን ከልኩ አውጥቶ በቀድሞው ግብራቸው እንዲቆዩ ተወ።

እንግዲህ በ1960 ገማቹ ደብተሩን ይዞ መንደር ሲገባ ገበሬው ያየው ይህን ሁሉ ነው። ገማቹ ይጠይቃል፦ ስንት ጥማድ ታርሳለህ? ጤፍህ ስንት ጫን ይወጣዋል? ገብስህስ? በሬህ ስንት ነው? ጥያቄው የምርት ነው ቢባልም መልሱ የሚጻፈው ስም ባለበት ገጽ ላይ ነው። ከስሙ ጎን መሬት፣ ከመሬቱ ጎን ቁጥር። ገበሬው ደብተሩን ሲያይ ቃላድ ታየው። ማንም ከከተማ መጥቶ ከደብሩ ግቢ ቁጭ ብሎ አልተወያየውም፤ የመረጠው እንደራሴም ተመልሶ «እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቷል፣ መሬታችሁን አይነካም» አላለውም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም የአገሩ ተወላጅ ካለመሆናቸው በላይ በጠመንጃ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ ከሕዝቡ ጋር ቀድመው የተቃቃሩ ነበሩ። በእንዲህ ያለ አስተዳዳሪ እጅ የመጣ ሕግ ጥሩም ቢሆን ማን ያምነዋል?

የጎጃም ገበሬ በዚያን ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ገማቹን ወደ መንደሩ አላስገባም ማለት ነው። ከዚያ ሽማግሌ መረጠ፤ ወደ ወረዳ፣ ወደ አውራጃ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ላከ፤ ያ አልሆን ሲል ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ አቤት አለ። ጃንሆይ ባለማወቃቸው ነው እንጂ ቢያውቁ አይፈቅዱም ብሎ ያምን ነበርና። ይህን ልብ በሉልኝ። ዐመፀኛ የተባለው ሕዝብ ጠመንጃ ከማንሣቱ በፊት የሄደበት መንገድ በንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ የተጻፈው መንገድ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሁሉም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶ ነበር፤ መሣሪያ ሳይይዙ በሰላም መሰብሰብንም ፈቅዶ ነበር።

ሰሚ ጠፋ። ፖሊስና ነጭ ለባሽ ወጣ፤ ሞጣ፣ ደጋ ዳሞት፣ ቢቡኝ፣ ሜጫ ተነሡ፤ ጦር ሠራዊት ተላከ፤ በመጨረሻ የአየር ኃይል አውሮፕላን በገበሬው መንደር ላይ ቦምብ ጣለ። ግብር አልከፍልም ባለ ሰው ቤት ላይ ቦምብ! የሞተውን፣ የተቃጠለውን ክምርና ጎጆ በቅጡ የመዘገበው የለም።

ከዚያስ? ከዚያ መንግሥት ወደ ኋላ አለ። ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም መጥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። አዲሱ ግብር በጎጃም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ብዙ ሰው ይህን የጎጃም ገበሬ ድል ብሎ ይተርከዋል። ግብሩን በሚመለከት ድል ነው፤ ልክደው አልችልም። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር የሚቆረቁረኝ ያልተለወጠው ነገር ነው። መንደር ላይ ቦምብ እንዲጣል ያዘዘ ሰው በፍርድ ቤት አልተጠየቀም። አቤቱታውን ሳያይ የመለሰ ሹም አልተቀጣም። ከእንግዲህ ሽማግሌ መርጦ የሚልክ መንደር ስንት ቀን ውስጥ፣ ከማን፣ በምን መልክ መልስ እንደሚያገኝ የሚደነግግ አንድ መስመር አልተጻፈም። ሕዝቡ ያገኘው ምሕረት ነበር። ምሕረት ደግሞ ሰጪው ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሲያሻው የሚያስቀረው ነው፤ በተሰጠ ማግስትም ለማኝን ለማኝ አድርጎ ይተወዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ ያ መንግሥት ራሱ ወደቀ፤ ሲወድቅም ከሕዝቡ ጋር የሚነጋገርበት አንድም የታመነ መንገድ በእጁ አልነበረም።

ይህን የሚያዩ ሰዎች ጠፍተው አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ነው፤ ዐመፁ ሊነሣ ሁለት ዓመት ሲቀረው። መጽሐፉን በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ የምናስታውሰው ብዙዎች ነን። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገባሮች ከልማድ ውጭ የተጫነባቸውን አንከፍልም ብለው ይነሣሉ፤ አበጀ በለው የሚባል ሰው ይመራቸዋል፤ ፊታውራሪው ይዘምቱባቸዋል፣ ነገር ግን ራሳቸው ተማርከው ይያዛሉ። ሐዲስ በመንግሥቱ ከፍተኛ ሹመት ላይ ሆነው ነው ይህን የጻፉት። በ1966ም አገሪቱ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል ብለው መጽሐፍ አወጡ። አቸፈር የተወለደውን አቤ ጉበኛን ግን መንግሥት ያን ያህል አልታገሠውም። ገና ያልተወለደ ሕፃን ወደዚህ ዓለም አልመጣም እያለ የሚሟገትበት «አልወለድም» የተሰኘው መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ። የሚያስጠነቅቅን ጸሐፊ በግዞት የሚልክ መንግሥት ማስጠንቀቂያውን አብሮ ይልካል።

አሁን ወደ 1989 እንለፍ። ነገሥታቱ የሉም፤ ደርግም የለም፤ በ1987 የጸደቀ ሕገ መንግሥት አለ፣ አንቀጽ 30ም መሣሪያ ሳይይዙ የመሰብሰብን፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግንና አቤቱታ የማቅረብን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። በተለይ በጎጃም፣ በንጉሡም በደርግም ዘመን በቀበሌም ሆነ በሌላ ሥራ የነበረ ገበሬ «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» እየተባለ መሬቱ ወደ አንድ ሄክታር እንዲወርድ፣ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር እንዲይዝ ተወሰነ። መሬት ለሌላቸው ወጣቶች መሬት መስጠት ተገቢ ዓላማ ነው፤ ይህን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። የጎዳው አሠራሩ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል በስሙ ላይ ተለጥፎ፣ ክስ ሳይነበብለት፣ ምስክር ሳይሰማለት፣ ይግባኝ የሚልበት ችሎት ሳይኖር ያረሰውን መሬት ያጣ ሰው ጭብጦው ያለ ፍርድ የሄደችበት ሰው ነው።

እና ምን አደረገ? አባቱ በ1960 ያደረገውን። ሽማግሌ መርጦ ዓባይን ተሻገረ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ አቤት አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የገበሬዎቹን ጥያቄ ደግፈው ሰልፍ ቢወጡ ሰልፉ ተበተነ፣ ብዙዎቹም ታሰሩ። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ሃያ ዘጠኝ ዓመትና ሁለት አብዮት የሚያህል ለውጥ አለ፤ ሕገ መንግሥቱም ተለውጧል። በበረንዳው ላይ የቆመው ሰው የደረሰበት ግን ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አላረዝመውም። በ2008 ክረምት ጎንደርና ባሕር ዳር ሰልፍ ወጡ፤ ነሐሴ 1 ቀን በባሕር ዳር ባዶ እጃቸውን የነበሩ ወጣቶች በጥይት ወደቁ። በ2009 መግቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ዐሥር ወር ገደማ ቆየ። በ2015 ሐምሌ 28 በክልላችን ግጭት ምክንያት እንደገና ታወጀ፣ ይህኛውም ታድሶ ዐሥር ወር ገደማ ቆየ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በእነዚህ ዓመታት ቤቱ ያልተነካ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሐዘናችሁን በቁጥር አልለካውም።

የምለው ግን አለኝ። አንደኛው ስለ ሕጉ ነው። ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ብዙ ሰው ሰልፍ «ፈቃድ» ይጠየቅበታል ብሎ ያስባል፤ ሹማምንቱም እንዲህ ብለው ይመልሳሉ። አዋጁ ግን የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። አዘጋጁ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ ያስገባል። አስተዳደሩ በሌላ ቦታ ወይም በሌላ ጊዜ ይሁን ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ማስታወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ መግለጽ አለበት። በየትኛውም ቦታ፣ በማንኛውም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ይህን ሕግ በ1960 ከነበረው ጋር አስተያዩት። በ1960 የጎጃም ገበሬ ያጣው የቀን ገደብና የጽሑፍ መልስ እዚህ ተጽፏል። ተጽፎም ቢሆን ማመልከቻ ይዞ የሄደ ሰው ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የቃል መልስ ነው፤ «ኃላፊው የሉም»፣ «ጊዜው አይደለም»። የቃል መልስ ይግባኝ የለውም። በቃል የከለከለ ሹም ነገ አልከለከልሁም ቢል ማን ይመሰክርበታል?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ሆኖ አያውቅም። እንግሊዞች በ1688 እ.ኤ.አ. ሰባት ጳጳሳት ለንጉሣቸው አቤቱታ ስላቀረቡ ብቻ ታስረው ሲከሰሱ አይተዋል። ጁሪው ነፃ ለቀቃቸው፤ በማግስቱ ዓመት በወጣው የመብቶች ሕግ ውስጥም ለንጉሥ አቤት ያለን ሰው በዚያ ምክንያት ማሰርና መክሰስ ሕገ ወጥ ነው ብለው ጻፉ። መጀመሪያ የጠበቁት አቤት ባዩን ነው። የመናገር ነፃነት ሰፋ ብሎ የመጣው ቆይቶ ነው። እኔም በዚህ ቅደም ተከተል አምናለሁ፤ ማመልከቻ ያስገባው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የማያድር ከሆነ የቀረው መብት ሁሉ ከወረቀት አያልፍም።

ሁለተኛው ስለ ራሳችን ነው፣ መስማት ደስ ባይልም። መብት የሚረግጠው መንግሥት ብቻ ነው ካልን እንዋሻለን። ጠመንጃ የያዘ ወገን ሁሉ፣ ባለ ሥልጣንም ሆነ ተቃዋሚ፣ የማይስማማውን ሰው ያለ ፍርድ የሚቀጣ ከሆነ ያው ነው። ከጎረቤታችን መካከል «በዚህ ነገር አልስማማም» የሚለውን ሰው ባንዳ ወይም ከሃዲ ብለን ስም ስንለጥፍበት በ1989 ስብሰባ ላይ የተደረገውን እኛው እየደገምነው ነው። በዕድርም፣ በማኅበርም፣ በደብሩ ሰበካ ጉባኤም የብዙኃኑን ሐሳብ የሚቃወም አንድ ሰው ተነሥቶ ሲናገር እስኪጨርስ መስማት ካልቻልን ከወረዳ ምን እንጠብቃለን? ጠመንጃ ሲጮህ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ጠመንጃ የሌለው ተቃዋሚ ነው። መምህሩ፣ ጋዜጠኛው፣ ጠበቃው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ገበሬ በሁለት እሳት መካከል ይቀራል፤ አንዱ የዚያኛው ነህ ይለዋል፣ ሌላው የዚህኛው።

በመጨረሻ አንድ የሕገ መንግሥቱን ቦታ ላሳያችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፍ ነው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩትን ድንጋጌዎች ይዘረዝራል። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አለበት፤ የእኩልነት መብት፣ አንቀጽ 25፣ አለበት። ሐሳብን የመግለጽና የመሰብሰብ መብት ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ መብቶቹ ሊታገዱ ይችላሉ፤ በእነዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ወራት ሲታገዱም አይተናል። ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ ሌላ ነገርም ያዛል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል፤ ቦርዱም በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ስም! ልጇ የት እንደ ታሰረ ሳታውቅ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ስንቅ ይዛ ለምትዞር እናት ይህ መስመር ከሕገ መንግሥቱ ሁሉ ይበልጣል።

እንግዲህ ከዚህ ስንወጣ ምን ይሠራ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ትንሽና ግልጽ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን፤ ገበሬውን በማመልከቻ አጻጻፍ እርዱት፣ ያስገባበት ቀንና ሰዓት፣ የተቀባዩም ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ይዞ እንዲወጣ አስተምሩት። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፤ የምትከለክሉትን በጽሑፍ ከልክሉ፣ ስማችሁን ጻፉበት። የመረጥናቸው የምክር ቤት አባላት ወደ ወረዳችን ሲመጡ የምንጠይቃቸው ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ ብቻ አይሁን፤ አንቀጽ 93 ያዘዘው የስም ዝርዝር የታለ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ፍርድ ቤት ቀርቧል፣ የትኛው ተለቋል፣ የትኛውስ የት ነው ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም በጽሑፍ ተቀበሉ።